የኦቦ ሞቱማ ጉድጓድና የእኔ ባሕር ዛፎች

እኔ ኤልሳቤት ቁጡ ነኝ። ሱሉልታ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ባለሱቁም፣ የባጃጅ ሾፌሩም ያውቃል። ጡረታ ወጥቼ ከጉለሌ ወደዚህ ስመጣ ግን መጀመሪያ የተጣላሁት ከብርዱ ጋር ነበር። ሜዳውን አቋርጦ የሚመጣው ነፋስ የቤቴን ቆርቆሮ ሲያንኳኳው ያድራል። ባሕር ዛፍ ተክዬ ካልጋረድኩት እዚህ አልኖርም አልኩ።

የመጀመሪያውን ዓመት ችግኝ ውርጭ ፈጀው። ለካ የተከልኩት ቀዩን ባሕር ዛፍ፣ የቆላውን ኖሯል! በሁለተኛው ዓመት ብርድ ይችላል የተባለውን ነጩን አርባ ችግኝ አመጣሁ። እሱም ኅዳር ላይ ቅጠሉ እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተኛ። ጓሮ ቆሜ ችግኝ የሸጠልኝን ሰውዬ ስራገም ጎረቤቴ ኦቦ ሞቱማ በአጥሩ አናት ብቅ አሉ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰውዬው ምን አደረገ?» አሉኝ። «ነጩም ቢሆን ልጅ እያለ ውርጭ አይችልም። ጠዋት ፀሐይ ሳትነካው ቅጠሉን በውሃ እጠቢው። ማታ ደግሞ ገለባ አልብሺው።»

«ውሃውን ከየት አባቴ ላምጣው?» አልኩ። ቧንቧ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው።

«ከእኔ ጉድጓድ ነዋ!»

ያን ብርድ ሙሉ፣ ኅዳርንም ታኅሣሥንም፣ ሰባ ያለፋቸው ሰውዬ ጎህ ሲቀድ ከጉድጓዳቸው እየቀዱ ከእኔ ጋር ቅጠል ሲያጥቡ ከረሙ። እኔ ጣቴ ደንዝዞ ስነጫነጭ እሳቸው ይስቁብኛል። ከአርባው ሠላሳ አንዱ ዳነ።

ባሕር ዛፍ አንዴ ከያዘ የሚያቆመው የለም። በስድስተኛው ዓመት ጣራውን አልፎ ሄደ። ነፋሱ ተጋረደ፣ እኔም ደላኝ።

የዚያኑ ዓመት መጋቢት ኦቦ ሞቱማ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ደጃፌ ላይ ቆሙ። ጉድጓዳቸው ደርቋል። ላሞቻቸውን የሚያጠጡት ከእሱ ነው፣ ሌላ ውሃ የላቸውም።

«አጥሩ ሥር ያሉትን አምስቱን ብቻ እንቁረጥ» አሉኝ። «የዛፎቹ ሥር ወደ ጉድጓዱ ነው የሄደው። እኔው እቆርጣለሁ፣ እንጨቱም ያንቺ ነው።»

ነፋሱ የሚመጣው ደግሞ በዚያው በኩል ነው። ደሜ ፈላ። «መንደሩ ሁሉ ጉድጓድ እያስቆፈረ ውሃውን ሲመጠው፣ ለአንቱ የሚታይዎት የእኔ ዛፍ ብቻ ነው? ማስረጃ ካለዎት ሄደው ይክሰሱኝ!»

ይክሰሱኝ አልኩ! ችግኜን በገዛ ውሃቸው ያተረፉልኝን ሰው! ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው። ኦቦ ሞቱማ ኮፍያቸውን አጥልቀው ሄዱ።

ሚያዝያ ላይ ላሞቹን ሸጡ። ሰኔ ሲገባ ቦታውንም ሸጠው ሰበታ፣ ፋብሪካ የሚሠራው ልጃቸው ጂሬኛ ጋ ገቡ። እኔ ደግሞ ሳይሰናበቱኝ ሄዱ ብዬ አኮረፍኩ፤ ጉድ እኮ ነኝ!

ከክረምቱ በኋላ የቦታው ገዢ ጉድጓዱን ሊያስጠርግ ሠራተኛ አስገባና «እማማ፣ ይምጡና ይዩ» ብሎ ጠራኝ። ከታች እየተቆረጠ የሚወጣው ሥር ነው። ክንድ የሚያህል ሥር፣ ጫፉ እንደ ፀጉር የተንጨፈረረ፣ በእኔ አጥር በኩል ያለውን ግድግዳ በስቶ የገባ። በማግስቱ መጋዝ ያለው ሰው ጠርቼ ሠላሳ አንዱንም አስቆረጥኩ። ከዚያ ሚኒባስ እየቀያየርኩ ሰበታ ሄድኩ።

ኦቦ ሞቱማን አንዲት ክፍል ኪራይ ቤት ደጃፍ ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«ሁሉንም አስቆርጬዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ። እኔ ጋ ትርፍ ክፍል አለ፣ ይመለሱ።»

አንስተው አቀፉኝ። «ይቅር ብያለሁ። ግን ላሞቼ የሉም፣ ቦታው የሰው ነው። ምን ልሠራ እመለሳለሁ?»

«ታዲያ ለምን ቸኩለው ሸጡት?» ብዬ እያለቀስኩ ተቆጣሁ። ያን ሰዓት እንኳ ቁጣዬ አልተወኝም።

«አልቸኮልኩም፣ ኢንታላ ኮ። ገዢው መጀመሪያ የመጣው መጋቢት ላይ ነው። ሦስት ጊዜ መልሼዋለሁ። ኤልሳቤት ስትቆጣ ነው እንጂ ክፉ አይደለችም፣ ሲበርድላት ትመጣለች አልኩት። ጠዋት ጠዋት ከቤቴ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ስጠብቅሽ አረፍድ ነበር።»

አውቃለሁ። ቁጭ ብለው በመስኮት አያቸው ነበር። ያን ሦስት ወር ሙሉ ሰላም እንዳይሉኝ ብዬ በጓሮ በር ነበር የምወጣው።