ቢራቱ ያሸነፈበት ቅዳሜ

ዕድላዊት ውሸቱን የዋሸችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአፓርታማቸው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ድራየሩ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣ ነው። አስባበት አልነበረም። ቢያስቡበትማ ማን እንዲህ ያለ ውሸት ይዋሻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ቢራቱ ከበልትስቪል ወጣ ብሎ አንድ የመኪና መወዳደሪያ ትራክ ተከራይቷል። ትራክ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። እንደ እንቁላል የሞላለለ የአፈር መንገድ ነው፤ ዳር ዳሩን አሮጌ ጎማ ተደርድሮበታል፤ ሽንት ቤቱ ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚገባበት ነው። ግን በደጉ ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐበሻው ሁሉ አሮጌ ሆንዳውንና ቶዮታውን ይዞ፣ የኋላ ወንበሩን ነቅሎ፣ በሩ ላይ ቁጥር ቀብቶ ይመጣ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ፣ ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ ሲቆም ሲነሣ የከረመ ሁሉ እዚያ እንደ ልቡ ነዳጅ ይሰጣል። የሚከሰው ፖሊስ የለ፣ በስልክ አፑ ላይ ኮከብ የሚቀንስበት ተሳፋሪ የለ።

ከዚያ ቀሩ። አንዱ ቅዳሜ ሥራ ይበዛል አለ፤ ሌላው ሚስቴ ከለከለችኝ አለ። እውነተኛው ምክንያት ግን ራሱ ቢራቱ ነው። ይህንን ዕድላዊትም ታውቃለች፣ እናቷም ታውቃለች፣ የትራኩ አጥር ላይ የምትተኛው ድመትም ሳታውቅ አትቀርም። ቢራቱ ሕግ ይወዳል። ስፖኪዮ ተሰነጠቀ ብሎ ውድድር ያስቆማል። ባለፈው ዓመት ደግሞ ዓብዩ የሚባለውን የአሌክሳንድሪያ መካኒክ፣ ከሁሉም የሚበልጠውን ሹፌር፣ ኩርባውን በውስጥ ቆርጠህ ነው የቀደምከው ብሎ በሰው ፊት አጭበርባሪ አለው። ዓብዩ ሄልሜቱን አንሥቶ ሄደ። ሌሎቹም ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳይጣላ፣ ማንም ደህና ሁን ሳይል ተከተሉት።

አሁን ባለመሬቱ፣ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ቦታውን ለከባድ መኪና ማቆሚያ ሊያከራየው አስቧል። ቅዳሜ ወደ ማታ ላይ መጥቼ አያለሁ፣ መኪና ከሞላበት ትራክ ሆኖ ይቀጥላል፣ ባዶ ከሆነ ግን ቁልፉን ትሰጠኛለህ ብሎታል። ቢራቱ ሳምንቱን የሚያሳልፈው አርሊንግተን አንድ ሕንፃ ሥር፣ ፀሐይ በማትገባበት ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት ሲቆርጥ ነው። ሰው የሚሆነው ቅዳሜ ብቻ ነው። ያቺን ቅዳሜ ሊወስዱበት ነው።

ሆኖም ራሱ መደወል አልወደደም። እኔ ሰው አልለምንም፣ አንቺ ኮል አድርጊላቸው ብሎ የሹፌሮቹን ቁጥር ላከላት።

ደወለች። የመጀመሪያው ስልኩን አላነሣም። ሁለተኛው ሰርግ አለብኝ አለ፤ በዐቢይ ጾም ምን ሰርግ እንዳለ እሱ ይወቀው። ሸዋረገድ፣ የስኩል ባስ ሹፌሯ፣ ወገቤን ያመኛል ብላ ስለ ወገቧ ብዙ አወራች። ቀጥሎ ጋሽ ወልደአምላክ ነበሩ። ታኮማ ፓርክ ነው የሚኖሩት፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁልጊዜ መጨረሻ እየወጡ ሁልጊዜ የሚስቁ ሰው ናቸው። እሳቸውም እንደማይመጡ ተናግረው ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ፣ ሰው ሁሉ እንደሚጠይቀው ጠየቁ።

«አባትሽ ግን ደህና ነው አይደል?»

«ደህና እንኳን አይደለም» አለች ዕድላዊት።

ትንሽ ቅር እንዲላቸው ብላ ነው፤ ሌላ አልነበረም። ግን ስልኩ ውስጥ ያለው ዝምታ ረዘመባት። ዝምታ ደግሞ አትችልም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ዝም ያለ ነገር ካየች የሆነ ነገር ትከትበታለች።

«ሐኪሙ ለእኛ ነው የነገረን» አለች። «እሱ አያውቅም። እንዳይነግሩት እሺ ጋሼ?»

በቃ፣ በሩ በዚያ ተቆለፈ። ሌላ ሕዝብ ቢሆን አባትየው ጋ ደውሎ ምን ሆንክ ይለው ነበር። የእኛ ሰው ግን ለታማሚ ሕመሙን አይነግርም። ዶክተሩ በእንግሊዝኛ ቁርጡን ቢናገር እንኳን፣ አስተርጓሚ ሆኖ የሄደው ልጅ «ትንሽ ደም ማነስ ነው አሉ» ብሎ ይተረጉማል። እሱ አያውቅም ከተባለ ሁሉም አፉን ዘግቶ ይጠብቃል፤ ማንም ምን ዓይነት በሽታ ነው ብሎ እንኳን አልጠየቀም።

ወሬው ከጋሽ ወልደአምላክ ወደ ሹፌሮቹ ሁሉ ደርሶ፣ በማግሥቱ ቴክስቱ መግባት ጀመረ። ቅዳሜ እንመጣለን። አይዞሽ የኔ ልጅ። እናትሽን አበርቺ። ሰርግ ያለበት ሰውዬ ሰርጉን ካንስል አደረገ። ሸዋረገድ እያለቀሰች የድምፅ መልእክት ላከች። ዕድላዊት መጀመሪያ ሳቀች፤ ሁለተኛ ጊዜ ስትሰማው አልሳቀችም፤ ከዚያ አጠፋችው። እሮብ ዕለት ደግሞ በእነ ጋሽ ወልደአምላክ የጸሎት ፕሮግራም ላይ «ስሙን ለማንጠራው ወንድም» ተብሎ መጸለዩን ሰማች። ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር። ግን ወደ ሳሎን ስትወጣ አባቷ ሶፋው ላይ ተቀምጦ የውድድሩን ባንዲራ ቅዳጅ በመርፌ እየጠቀመ ያፏጫል። ሲያፏጭ ከሰማችው ስንት ጊዜዋ። ተመልሳ ገባች።

ቅዳሜ የመኪናው ሰልፍ ከትራኩ በር አልፎ እስከ ዋናው መንገድ ደረሰ።

ቢራቱ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሰዎቹ እየወረዱ አቀፉት፤ ከሚገባው በላይ አጥብቀው፣ ከሚገባው በላይ ቆይተው። አምሮብሃል ይሉታል ሁሉም፣ ጮክ ብለው። ከመኪናቸው ትራንክ ጁስ በካርቶን፣ ብርቱካን፣ ሙዝ እያወጡ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ሸዋረገድ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ መጥታለች። ለመኪና ውድድር አጥሚት ይዞ የሚመጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቢራቱ ግን ደስታው ዓይኑን ስለጋረደው አጥሚቱን ተቀብሎ ጠጣ።

ከዚያ ዕድላዊትን ወደ ጥግ ሳብ አደረጋት።

«ምን ብለሽ ነው ያመጣሻቸው?» አላት ቀስ ብሎ። መልሷን ሳይጠብቅ ራሷን ዳበሳት። «እኔ እኮ እንደዚህ የሚወዱኝ አይመስለኝም ነበር።»

ዕድላዊት ጫማዋን አየች። ጫማዋ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ዓብዩ ከሁሉም ኋላ መጣ። ለብዙ ጊዜ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቢራቱ ሄዶ ትከሻውን ሳመው፣ ያለፈውን እርሳልኝም አለው። የተሰደበው እሱ፣ ይቅርታ ጠያቂው እሱ። ቢራቱም አላፈረም፤ እሺ፣ ትቼዋለሁ አለ፣ እንደ ትልቅ ሰው።

አንተም ውጣ፣ ዛሬ አብረኸን ንዳ ብለው ወተወቱት። ባንዲራውን ለዕድላዊት ሰጥቶ አሮጌ ሆንዳ ሲቪኩ ውስጥ ገባ። ድሮ አብሯቸው ሲነዳ ከመካከል ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ግን መንገዱ እየተከፈተለት ሄደ። አንዱ ኩርባው ላይ ሰፋ ብሎ አሳለፈው፤ አንዱ ሞተሩ ያስቸገረው መሰለ፤ ሸዋረገድ እጇን በመስኮት አውጥታ እለፍ ልትለው ምንም አልቀራትም። መጨረሻው ዙር ላይ የቀረው ከፊቱ ዓብዩ ብቻ ነበር፤ ያውም በጣም ርቆ። ቀጥታው መንገድ ላይ፣ መጨረሻው መስመር ሊደርስ ሲል፣ የዓብዩ መኪና የፍሬን መብራት ቦግ አለ። ሲቪኩ እየተንገጫገጨ አለፈው። ዕድላዊት ባንዲራውን አውለበለበች።

ጥሩምባ በጥሩምባ ሆነ። ቢራቱ ከመኪናው ወርዶ ሁለት እጁን ሰቀለ፣ ሳቀ፣ አንድ ሁለቴም ትከሻውን ነቀነቀ። ዕድላዊት አባቷ እስክስታ መምታት እንደሚችል የዚያን ዕለት አወቀች።

ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ወደ ቀጥታው መንገድ ተመልሶ ሄዶ አፈሩን ጎንበስ ብሎ አየ። ጎማው ተቆልፎ የተጎተተበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«እዚህ ላይ ፍሬን ይዘሃል» አለው ዓብዩን።

«ተንሸራቶብኝ ነው ጋሽ ቢራቱ።»

«ቀጥታ መንገድ ላይ ምን ያንሸራትታል?» ድምፁ ከፍ አለ። ሌሎቹንም አንድ በአንድ አያቸው፤ እንዴት እንዳሳለፉት አሁን በዓይኑ መጣበት። «ልታላግጡብኝ ነው የመጣችሁት? በልጄ ፊት? አንተማ ያኔም አጭበርባሪ ብዬህ ነበር፣ አሁንም አጭበርባሪ ነህ።»

ባለፈው ዓመት በዚህች ቃል ምክንያት ሄልሜቱን አንሥቶ የሄደው ዓብዩ አንገቱን ደፋ።

«ልክ ነህ ጋሼ» አለ። «አጥፍቻለሁ።»

ቢራቱ ግራ ገባው። ጠብ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሲሰድቡት ልክ ነህ የሚል ሰው ግን አጋጥሞት አያውቅም። ለምን አትመልስልኝም አለው፤ ለመነው ማለት ይቻላል። ዓብዩ መሬት መሬቱን እያየ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ዕድላዊት ከዚህ በላይ አልቻለችም። «ሂ ኢዝ ኖት ሲክ» አለች።

ሁሉም ዞሩ። ጋሽ ወልደአምላክ ጠጋ ብለው በለስላሳ ድምፅ፣ በአማርኛ ንገሪን የኔ ልጅ አሏት። በእንግሊዝኛው ትንሽ መደበቂያ ነበራት። በአማርኛ ግን ምንም የለም።

«አባዬ አልታመመም። ምንም አልሆነም። እንድትመጡ ብዬ ዋሽቼ ነው።»

ጋሽ ወልደአምላክ ኮፍያቸውን አወለቁ። ይሰድቡኛል ብላ ስትጠብቅ «ተመስገን» አሉ፤ ከልባቸው፣ ደጋግመው። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ሸዋረገድ ግን ፔርሙዟን አነሣች።

«ልጆቹን ባስ ውስጥ ጭኜ እያለቀስኩ ነው የነዳሁት» አለቻት። «ሳምንቱን ሙሉ።» መኪናዋን አስነሥታ ሄደች። ከኋላዋ ሌላው፣ ከሌላው ኋላ ሌላው።

ዕድላዊት የጁስ ካርቶኖቹን ተሸክማ በየመኪናው መስኮት ሮጠች፤ ቢያንስ ያመጡትን ልትመልስላቸው። የሚቀበላት አጣች። ለታማሚ ያመጡትን ይዞ መመለስ ነውር ነው፤ ታማሚው ውሸት ቢሆንም ጁሱ እውነት ነው። አንዱ እንዲያውም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ አስቀምጪው፣ አሁን ሳይታመም አይቀርም አላት። ካርቶኑን እንዳቀፈች አቧራ ለብሳ ቀረች።

ቢራቱ የተጎተተው የጎማ መስመር ላይ እንደቆመ ነው። ሰዎቹ ያቀፉትን አቀፋፍ እያስታወሰ ይሁን፣ አጥሚቱን ይሁን፣ ማን ያውቃል። ጆሮው ቀልቷል። ዓብዩ ብቻ መኪናውን ተደግፎ ሲያየው ቆየ።

«እና ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ምንም የለብህም?»

«ጨጓራ።»

«እንግዲያው ግባ» አለው ዓብዩ ሄልሜቱን እያጠለቀ። «ኩርባውን እንዴት እንደማልፈው ከኋላዬ ሆነህ እይ። ዓይንህ ደህና ከሆነ።»

ጋሽ ወልደአምላክና አንድ ሌላ ሰው ቀርተው ስለነበር እነሱም ገቡ። ይኼኛው ውድድር ርኅራኄ አልነበረውም። ዓብዩ በየኩርባው ከጎማዎቹ ጋር እየተሻሸ፣ አንድም ጊዜ ወደ ውስጥ ሳይቆርጥ፣ ቢራቱን ዙር ደርቦ አለፈው፤ ሲያልፍም ጥሩምባ ነፋበት። ቢራቱ አቧራ በአቧራ ሆኖ ወረደ። በቀሩት ሰዎች ፊት ቆሞ፣ አልቆረጥክም አለው። ትንሽ ቆይቶም ጨመረ፤ «ያኔም አልቆረጥክም። እኔ ነኝ የበደልኩህ።»

ባለመሬቱ ሲመጣ ያገኘው እነዚያን ጥቂት መኪኖችና የጁስ ክምር ነው። ቢራቱ አሁን ነው የሄዱት፣ ሞልቶ ነበር ሊለው ይችል ነበር፤ እውነትም ነበር። አላለውም። ያለነው ይኸው ነን አለው። ሰውዬው ዓብዩን አየ፣ መኪናውን አየ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ አይቼ እወስናለሁ ብሎ ሄደ። ዓብዩም የሚመጣው ቅዳሜ እመጣለሁ አለ፤ ልበልጥህ እንጂ ልጠይቅህ አይደለም ብሎ።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲመለሱ ዕድላዊት ቁጣውን ጠበቀች። ስልኳን እንዲቀማት፣ እንዲጮህባት፣ ለእናትሽ እነግራለሁ እንዲል ፈለገች። እሱ መንገዱን ብቻ ያያል። ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ቢራቱ ወዲያው አልተንቀሳቀሰም።

«ለትንሽ ጊዜ እኮ» አለ፣ «ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።»

ከኋላቸው ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ዕድላዊት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የሚመጣው ቅዳሜ እንዲመጡ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው መደወል ያለባት ራሷ መሆኗን ያን ጊዜ ነው ያሰበችው። ሸዋረገድ ስልኩን ብታነሣ መጀመሪያ ምን እንደምትላት አታውቅም ነበር።