ለሐኪም ያልነገርኩት

…እና ምርመራ ክፍል ውስጥ በጎኔ ተኝቼ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የመቀመጫ ካንሰር ምርመራ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ግን በቅርቡ ነው፣ ያውም ከጓደኛችን ከላቬል፣ ካርታ ስንጫወት፣ ካንሰር ይዞኛል፣ ታች፣ አለ ከካርታው ላይ ዓይኑን ሳያነሳ፣ የኔው ዴዝመንድ ቀልድ መስሎት ሳቀ፣ ላቬል አልሳቀም፣ ሂዱና ታዩ፣ ወንድ የምንወድ ወንዶች ላይ ይበዛል አሉኝ፣ እናንተን የነገራችሁ ሰው አለ?

ማንም።

ማን ይነግረናል? የድሮው ሐኪሜ እንደኔው ጥቁር አሜሪካዊ፣ ደግ ሰው፣ የቤተክርስቲያናችን ዲያቆን፣ ምነው አታገባም ሲለኝ የምትችለኝ ጠፋች እለዋለሁ፣ እንስቃለን፣ የደም ግፊቴን ለክቶ ይሸኘኛል፣ አብሮኝ የሚኖረው ዴዝመንድ ውጭ መኪና ውስጥ ይጠብቀኛል፣ ሐኪሜ ያላወቀውን በምን ይመርምር።

ዛሬ ግን አዲሷ ዶክተር ጓንቷን ከማጥለቋ በፊት ጠየቀችኝ፣ አቶ ባስከም፣ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት? ምላሴ ወደ ለመደው ቀልድ ሊሄድ ሲል የላቬል የከሳ ፊት መጣብኝ፣ ከዴዝመንድ ጋር፣ ባሌ ነው። ቀና እንኳ አላለችም። እሺ፣ ጉልበትዎን ወደ ደረትዎ ያምጡልኝ።

ይቀዘቅዛል። ትንፋሽ ይውሰዱ፣ እወስዳለሁ፣ መጀመሪያ የገባው ጥጥ መሰለኝ፣ ቀጥሎ ጣት፣ ይሄን ነው እንዴ ስንፈራ የኖርነው፣ ጣቷ ቆመ። እዚህ ጋ ያምዎታል? የለም። ትንሽ እብጠት አለች፣ ካንሰር ናት አላልኩም፣ ማክሰኞ ከሷ ቆረስ አድርገን ናሙና እንወስዳለን፣ ክፉ ነገር ብትሆንም በጊዜ መጥተዋል። በጊዜ። ላቬልን እንዲህ ያለው ሰው የለም።

ሱሪዬን ታጥቄ እወጣለሁ፣ የሜምፊስ ሙቀት ፊቴን ይመታኛል፣ ዴዝመንድ መስኮቱን ያወርዳል፣ ምን አሉህ? እብጠት አገኙ፣ ማክሰኞ ናሙና ይወስዳሉ። ያልፈለግኩት በሽታ አያገኘኝም ባዩ ዴዝመንድ፣ ሬዲዮውን ያጠፋል። ያማል እንዴ? አያምም፣ ትንሽ ያሳፍራል። ለስንት ሰው አሳይተኸው የለ፣ ይለኛል፣ ዝም በል አንተ፣ እስቃለሁ፣ እሱም፣ ከዚያ ሞተሩን ያጠፋል፣ ይወርዳል፣ ሸሚዙን ያስተካክላል፣ አንተ እዚሁ ቆይ።

ወዴት? እኔም ቀጠሮ ልይዝ፣ ይለኛል፣ በመስታወቱ በር አልፎ ቀጠሮ የምትይዘው ሴት ፊት ይቆማል፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፁ አይሰማኝም፣ ሴትዮዋ ከማን ጋር እንደሚኖር ሳትጠይቀው አትቀርም፣ ዞር ይልና በጣቱ ወደኔ ይጠቁማል፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እኔም እጄን አነሳላቸዋለሁ።