የወንድሟ የሞት ምክንያት

መዝጋቢዋ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዋ ሞት ነበር። ከየሐኪም ቤቱ የሚመጣውን ወረቀት አንብባ «የሞት ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ የተጻፈውን ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባለች። መጀመሪያ ሰሞን ሐኪም ባዘዘው የሕመም ማስታገሻ የሞተ ሰው በዓመት ቢመጣ አንድ ሁለት ነው። ኋላ ግን በሳምንት ሦስት አራት ይመጣላት ጀመር።

ታላቅ ወንድሟ ግንበኛ ነበር፤ በቁመቱ የተነሳ «መሰላል» ይሉታል። ከመወጣጫ ወድቆ ወገቡ ሲጎዳ ዶክተሩ ክኒን አዘዘለት። የአሥር ቀን የተባለው መድኃኒት ሦስት ዓመት ሄደ። ሕመሙ ሲለቀው ክኒኑ አልለቀቀውም። ቀጠሮው ሳይደርስ እየሄደ አንዴ ጠፋብኝ፣ አንዴ ውሃ ገባበት ይላል፤ ዶክተሩም ቀና ብሎ ሳያየው ይጽፍለታል። እየበላ ሲያንቀላፋ እናታቸው ሥራ አድክሞት ነው ትላለች፤ ሥራ ካቆመ ግን ዓመት አልፎታል። እህቱ ነገሩ ገብቷት ነበር። ዛሬ ነገ ስትል አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀዝቅዞ አገኘችው።

እናቷ እግሯ ላይ ወደቀች። ልጄ በሱስ ሞተ አታሰኚኝ አለቻት። መዝጋቢዋ አንጀቷ አልችል ብሎ ዶክተሩ ዘንድ ሄደች፤ መንገዱን ሙሉ እንዴት እንደምትለምነው ስታወጣ ስታወርድ ነበር። እሱ ግን አላስጨረሳትም።

«ገባኝ እህቴ» አለና «ድንገተኛ የልብ መቆም» ብሎ ፈረመ። መርቃው ወጣች። ወረቀቱ ጠረጴዛዋ ላይ ሲደርስ በገዛ እጇ አስገባችው።

በዓመቱ መጨረሻ አለቃዋ ሪፖርቱን ሲያነቡ በክኒን የሞተው ሰው ቁጥር ቀንሷል አሉ፤ ተጨበጨበ። የእሷ እጅ ግን አልነሳ አላት። ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ በልብ ሞቱ የተባሉትን ወጣቶችና ጎልማሶች ወረቀት አንድ በአንድ አወጣች። ሃያ ዘጠኙ ላይ ያረፈው ፊርማ አንድ ነው። ያን ቀን ለምን እንዳላስጨረሳት ያኔ ገባት።

በማግሥቱ የወንድሟን ወረቀት እንዲያስተካክል ዶክተሩን ጠየቀችው።

«ለምነሽኝ እኮ ነው የጻፍኩት» አላት።

«እኔስ ለምኜዎታለሁ። ሃያ ስምንቱን ማን ለመነዎት?»

ዶክተሩ በሩን ከፍቶ ተረኛውን ታካሚ ጠራ።

ሃያ ዘጠኙንም ወረቀት አያይዛ አቤቱታ ጻፈች፤ የራሷን ጥፋት ከሁሉ አስቀደመች። ማጣራቱ መንፈቅ ፈጀ። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ሬሳችንን አትቀስቅሱብን ብለው ስለመለሱ የተስተካከለው የሰባት ሰው ወረቀት ብቻ ነው፤ አንዱ የወንድሟ። ዶክተሩ በማስጠንቀቂያ ታለፈ፤ እሷ አውቃ ሐሰት መዝግባለች ተብላ ከሥራ ተሰናበተች።

«ሁለቴ ገደልሽው» አለቻት እናቷ።

ከዚያ ወዲህ መዝጋቢዋ በየእሑዱ እናቷ ቤት ትሄዳለች። እናቷ በር ትከፍትላታለች፤ ወዲያው ጀርባዋን ሰጥታት ወደ ጓዳ ትገባለች። ልጅየዋ ልብስ አጥባ፣ ቤቱን ጠራርጋ፣ «ደህና ዋይ እማዬ» ትልና መልስ ሳትጠብቅ ትወጣለች። ወደ ቤቷ የሚወስደው አውቶቡስ በዶክተሩ ክሊኒክ በኩል ያልፋል። እሑድም ሆኖ ተራ የሚጠብቀው ሰው ከአዳራሹ ተርፎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።