የመስታወት ቁምሣጥኑ ልጆች

ጋሽ ጠራዥ ንጹሕ መጽሐፍ አይወዱም። ይኼን ሳላስቀድም ወሬውን ብጀምር ሰውየው አይገቧችሁም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ የትምህርት መጽሐፍ ሲጠርዙ ኖረው፣ ስማቸውም በዚያው "ጠራዥ" ሆኖ ቀረና፣ አዲስ ወረቀት ሲሸታቸው ራሳቸውን ያማቸዋል። እሳቸው የሚሰበስቡት አሮጌ የልጆች ተረት መጽሐፍ ነው፤ ያውም ዘንዶ፣ ጠንቋይ፣ የሚበር ፈረስ ያለበት። ደግሞ አሮጌ ሁሉ አይደለም፣ ልጅ የወደደው አሮጌ! ጥጉ የታጠፈ፣ ከረሜላ የተጣበቀበት፣ ለንጉሡ በእርሳስ ጢም የተጨመረለት፣ ከመገለጥ ብዛት ጀርባው የላላ።

ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ካርድ አላቸው። ካርዱ ላይ የሚጽፉት ስለ መጽሐፉ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ልጁ ነው። "ግራኝ ነበር፤ ቀለሙ ሁሉ ወደ ግራ ተጎትቷል።" "ጨለማ ትፈራለች፤ የዋሻውን ምዕራፍ ዘላዋለች።" እንዲህ እያሉ ሦስት መቶ ከምናምን የማያውቋቸውን ልጆች ጠባይ መዝግበው፣ መጻሕፍቱን የመስታወት ቁምሣጥን ውስጥ ቆልፈው፣ ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ማንም አይነካም። ለምን ቢባሉ መልስ አላቸው፤ ሌላ ልጅ ከነካው የፊተኛው ልጅ አሻራ ይደባለቃል።

መልሱ ለእንግዳ ጥሩ ነው። ችግሩ ቤት ውስጥ ልጅ ነበረቻ!

እናቷ በአራት ዓመቷ ሞታባት ከአባቷ ጋር ብቻ ያደገች ልጅ። ከውጭ ስትገባ መዳፎቿን ገልብጣ ታሳያለች፣ ጋሽ ጠራዥ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ይመረምራሉ፣ ከዚያ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ከመስታወቱ ፊት ትቆማለች። በቃ፣ ማየት ብቻ። በሰባት ዓመቷ አንድ ቀን ቁልፉን ረስተውት ወጡና ሲመለሱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ ዳቦ ይዛ፣ በአንድ እጇ ስትገልጥ አገኟት። አልመቷትም። ቢመቷት ይሻል ነበር። "ገደልሽው!" አሏት፤ ከዚያ ሳምንት ሙሉ አላነጋገሯትም። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረጃውን መውጣት ትታ ምድር ቤት የምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ መዋል ጀመረች። ጋሽ ጠራዥ አልተከፉም፤ እንዲያውም ቤቱ ጸጥ አለላቸው።

ዓመት ዓመትን ወለደና ልጅቷ አድጋ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች፣ አገባች፣ ወለደች። የራሷንም ልጅ ከትምህርት ቤት በኋላ የምትተዋት እዚያው ልብስ ሰፊዋ ጋ ሆነ። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እስከ ምድር ቤቱ ደጅ ትመጣለች፣ ሃያ ሁለት ደረጃ ግን አትወጣም። ጋሽ ጠራዥ የልጅ ልጃቸውን ሳቅ የሚሰሙት ከወለሉ ሥር ነበር። አንዳንዴ ወንበራቸውን ሳቁ ወደሚሰማበት ጥግ ይጎትቱና ቁጭ ይላሉ። ወርደው አንኳኩተው "ስጡኝ ልቀፋት" ማለት አቅቷቸው! አይ ኩራት፣ ሰውን እንዴት አድርጎ ነው የሚጫወትበት።

ባለፈው ወር ልብስ ሰፊዋ ሞተች። የወንድሟ ልጅ መጥቶ ዕቃዋን ሸጦ ቤቱን አስረከበ። ከዚያ ስልክ ተደወለ።

"አባባ፣ ልጄን ከትምህርት በኋላ የምተውበት አጣሁ። ቅዳሜ ይዣት ልምጣና እንየው።"

"እንየው" ማለቷ ፈተና እንደሆነ ጋሽ ጠራዥ አልጠፋቸውም። ካለፉ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ልጅ እቤታቸው ትውላለች። ከወደቁ ደግሞ ከእንግዲህ ሳቋን ከወለል ሥር እንኳ አይሰሙም። ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ብስኩት ገዙ፣ ትንሽ ወንበር ገዙ፣ አልጋውን ከመስኮቱ አራቁ፣ "እንዳትወድቅ" ብለው።

ሐሙስ ዕለት አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ከደረጃ ሥር አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጠው ሰውዬ ጠራቸው።

"ጋሽዬ፣ ሌላው ሰው ደህናውን ሲለቅም እርስዎ የተጎሳቆለውን! እንግዲያው ይኸው፣ ከዚህ የባሰ አላየሁም። ይኼ እኮ የመጣው ከ—"

"ዝም በል! እንዳትነግረኝ!"

ከየት እንደመጣ አይጠይቁም፤ ራሳቸው አሻራውን አንብበው ካልደረሱበት ምኑን ሰብሳቢ ሆኑት? መጽሐፉ "ባለጅራቷ ደመና" ይባላል። ነፋሶችን ሁሉ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ግዙፍ ሰው አለበት፤ አንዲት ልጅ ደመና ጋልባ ሄዳ ነፋሶቹን ትፈታለች። ቤት ወስደው ሲገልጡት እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። በዕድሜያቸው እንዲህ የተወደደ መጽሐፍ አጋጥሟቸው አያውቅም! ሽፋኑ ላይ ጨርቅ ተሰፍቶበታል፣ ስፌቱ የልጅ ነው። በገጾቹ መሐል ቀይና ሰማያዊ የክር ቁርጥራጭ አለ። የግዙፉ ሁለት ዓይኖች በመርፌ ተወግተው ተወግተው ወንፊት ሆነዋል። የመጨረሻው ምዕራፍ ከመነበብ ብዛት ሊበጠስ ደርሷል። ስም የሚጻፍበት የፊተኛው ገጽ ግን ተቀዶ የለም።

ሌሊቱን ሙሉ አሰቡ፣ ዓርብ ጠዋት ካርዱን ጻፉ። ከሠሩት ካርድ ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው። ጻፉና ራሳቸው አነበቡትና ወደዱት፣ ያቺን የማያውቋት ልጅም ወደዷት። ቅዳሜ ለልጃቸው ሊያነቡላት ወሰኑ፤ የተሻለ ስጦታ አልታያቸውም፣ ምስኪን።

ቅዳሜ በስምንት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ልጃቸው ገባች፣ ከኋላዋ ሁለት የፊት ጥርሷ የወለቀ የስድስት ዓመት ልጅ። ጋሽ ጠራዥ ሳያስቡት ዓይናቸው ወደ ልጃቸው እጅ ሄደ። እሷም ሳታስበው፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላት ሴትዮ፣ መዳፏን ገለበጠች። ከዚያ ነቃችና እጇን ኪሷ ከተተች።

ግን መልካም ተጀመረ። ወላቃዋ ብስኩቱን ያዘች፣ ትንሹን ወንበር ወደደችው፣ "አያቴ፣ አንተ ነህ ከላይ የምታስለው?" ብላ ጠየቀቻቸው። "እኔ ነኝ የኔ እናት" አሉና ሳቁ፤ ልጃቸውም ፈገግ አለች። ይኼን ጊዜ ጋሽ ጠራዥ ነገሩ የሰመረ መሰላቸው። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ካርዱን ማንበብ ጀመሩ።

"'ይቺ ልጅ የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። እናቷ እግር ሥር፣ ከስፌት መኪናው በታች ተቀምጣ ነው ያነበበችው። እናቷ በጣም ትወዳታለች፤ ምንም ብታደርግ አትቆጣትም። ልጅቷ ደፋር ናት፣ ግፍ አትወድም፤ የግዙፉን ዓይን አርባ ጊዜ ወግታዋለች። ነፋሶቹ የሚፈቱበትን ምዕራፍ ከመቶ ጊዜ በላይ አንብባዋለች።' አየሽ ልጄ? ምን ዓይነት ልጅ ናት! እንዲህ ያለች ልጅ የወለደ ሰው ምንኛ ታድሏል!"

 ልጃቸው መጽሐፉን አነሳች፣ የጨርቁን ስፌት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"የልብስ ሰፊዋ ልጅ አይደለችም" አለች። "ልብስ ሰፊዋ ልጅ አልነበራትም። መጽሐፉን የገዛችልኝ እሷ ናት። እርስዎ ሲመጡ ከጨርቁ ክምር ሥር ትደብቅልኝ ነበር። የፊተኛውን ገጽ የቀደድኩት እኔ ነኝ፤ ስሜን ጽፌበት፣ ድንገት ቢያገኙት ብዬ ፈርቼ።"

ጋሽ ጠራዥ ክው አሉ። 

"ከእግርህ ሥር፣ ሃያ ሁለት ደረጃ ታች!" አለች፤ አንተ ስትላቸው የመጀመሪያዋ ነው። "ክሩን አየህ፣ መርፌውን አየህ፣ እንዴት እኔን አጣኸኝ? ግዙፉስ ማንን እንደሚመስል አልገባህም?"

እጃቸው ወደ አንገታቸው፣ ወደ ክሩ ሄደ። እንባቸው ወረደ። "አፈር በበላሁ" አሉ። "አፈር በበላሁ ልጄ! በድዬሻለሁ። በሞቴ፣ አንድ ዕድል ስጪኝ።" ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ሁሉም የእሷ ነው። ታንብበው፣ ትቅደደው፣ እንደፈለገች ታድርገው።"

ልጃቸው ቁልፉን አየችው። አባቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅምና አንጀቷን በሏት። በመጨረሻ ወደ ወላቃዋ ዞረች።

"ነይ የኔ ቆንጆ፣ ይኼ የእማዬ መጽሐፍ ነው። ያዢው።"

ወላቃዋ ከትንሹ ወንበር ዘላ መጣች፤ ደስ ብሏታል። ሁለት እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ በብስኩት ቅባት ወዝተዋል፣ የጣቷ ጫፍ ላይ ፍርፋሪ አለ። የመጽሐፉን ሽፋን ልትነካ ስትል፣

"እጅሽን!" ብለው ጮኹ ጋሽ ጠራዥ።

አላሰቡትም። እምላለሁ አላሰቡትም። ከልባቸው አልወጣም፣ ከአርባ ዓመት ልማድ ነው የወጣው። ወላቃዋ ደንግጣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለችና ሁለቱንም እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች። ማንም ሳያስተምራት፣ ልክ እንደ እናቷ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች።

እናቷ አየቻት። ከዚያ በኋላ ቁጣ እንኳ አልነበረባትም። የልጅቷን ሹራብ አለበሰች፣ አፏን በመሐረብ ጠረገች።

"ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ አባባ" አለች። "አይጨነቁ።"

"መጽሐፍሽን... መጽሐፍሽን እንኳ ውሰጂው።"

"እርስዎ ጋ ይቀመጥ። ከእኔ ይልቅ እርስዎ ይይዙታል።"

ወላቃዋ በሩ ላይ "ቻው አያቴ" አለች፤ እጇን ግን አላወጣችም። ሃያ ሁለቱን ደረጃ ሲወርዱ ጋሽ ጠራዥ ቆመው ቆጠሩ። የውጭው በር ተዘጋ። ምድር ቤት ማንም የለም፣ ከወለሉ ሥር ድምፅ አልመጣም።

ቁጭ አሉና ካርዱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። "የልብስ ሰፊ ልጅ ናት" የሚለውን ሰረዙ። ከላዩ "ልጄ ናት" ብለው ጻፉ። ከሥር ብዙ ባዶ ቦታ ነበር። እዚያ ላይ ከመጽሐፉ ያላገኙትን፣ አባት ሆነው ራሳቸው የሚያውቁትን አንድ ነገር ሊጨምሩ እስክሪብቷቸውን አነሱ። ምን ትወድ ነበር? ምን ያስቃት ነበር? ጨለማ ትፈራ ነበር? የሦስት መቶውን ልጅ ያውቁታል፣ የዚችን አያውቁትም። ውጭው መሸት እስኪል እስክሪብቶውን እንደያዙ ቆዩ።

በመጨረሻ ያገኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱኑ ጻፉት።

"እጇ ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር።"