ከመቃብሩ ዳር የበቀለው ወንድ ቴምር

ዳድከሪም ሴቷ ቴምር አናት ላይ ሆኖ፣ ከወንዱ ዛፍ የቆረጠውን የአበባ ዘለላ ፍሬ እንድትይዝ በአበባዋ ላይ ደጋግሞ አራገፈ። የወንዱ አበባ ዱቄት እንደ ወትሮው ቦነነ፤ እሱ ግን አላመነውም። አምናም ቦንኖ ነበር፤ ቴምሩ ግን ዘር ሳይዝ ኮስሶ ቀረና የፍየል ቀለብ ሆነ። ዘንድሮም እንዲያው ከሆነ አገራቸውን ፓንጅጉርን ለቀው ካራቺ ከተማ ለቀን ሥራ መሰደዳቸው ነው።

"አባዬ፣ በከንቱ አትልፋ" አለችው ልጁ ሳዚን ከታች። ኮሌጅ ስለ ዕፅዋት ትማራለች፤ ዱቄቱን በማይክሮስኮፕ ስታየው አብዛኛው ባዶ ቅርፊት ነበር።

ሲወርድ አስረዳችው። ቴምርን ወንድ የሚያደርገው ክሮሞሶም ዱቄቱ ውስጥ ብቻውን ነው፤ ቢበላሽ ጉድለቱን የሚሸፍንለት ጥንድ የለውም። ስለዚህ ደካማው ዱቄት መንገድ ላይ ይቀራል፣ ጤነኛው ይወልዳል። ተፈጥሮ ወንዱን በየትውልዱ የምታበጥረው እንዲህ ነው።

"እናንተ ግን ወንፊቱን ጣላችሁት። ከአያት ጀምሮ የዚያኑ የአንዱን ወንድ ቡቃያ እየገነጠላችሁ ተከላችሁ፤ ጉድለቱም ሳይበጠር ተከማቸ። ከዘር የበቀለውንስ የት አደረሳችሁት?"

የት ያደርሱታል? ፍሬ የማይሰጥ ወንድ ውኃ ይሻማል ተብሎ፣ ወንድነቱ በታወቀ ማግስት ይቆረጣል። እሱ ራሱ ስንቱን ጥሏል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ድሮ ነበር።

ከዘር የበቀለ አንድ ወንድ ብቻ ተርፏል። የበኩር ልጁ ጋህራም የተቀበረ ዕለት ለቀስተኛው ቴምር በልቶ ዘሩን መቃብሩ ዳር ጥሎ ነበር፤ አንዱ በቀለ፣ ከዓመታት በኋላ ዘንድሮ አበበ። ቅጠሉን እንኳ ማንም እንዳይነካው የጋህራም እናት ግራናዝ ባሏን አስምላዋለች።

ዳድከሪም ማጭዱን ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ ወደ መቃብሩ ሄደ። ዛፉ አጭር ነው፣ መውጣት አያሻውም። እጁን ሲዘረጋ ከኋላው የሚስቱን ድምፅ ሰማ።

"የጋህራም አባት፣ ምለህልኝ ነበር።"

"ምያለሁ። ሌላ ወንድ ግን አልቀረንም።"

"ልጄ ሞቶም ይሥራ ነው የምትለኝ?"

ዋሽቶ ሊያጽናናት ፈለገ፤ አልሆነለትም።

"አዎ" አላት።

ግራናዝ መቃብሩ አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ብዙ ቆይታ ሻሿን ከራሷ ፈታችና ከዛፉ ሥር፣ ልጇ ላይ ዘረጋችው።

"በል ቁረጠው። ዱቄቱን ግን አፈር ላይ እንዳታፈሰው።"

ዳድከሪም ማጭዱን ከወገቡ መዘዘ።