የአራስ ቤት መርዶ

ይመኙሽ ከባጃጁ ሳትወርድ ጥቁር ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ ቦርሳዋ ውስጥ ጠቀጠቀችው። ቢጫ ሻሽ አሰረችና ፊቷን በሾፌሩ መስታወት አየት አድርጋ ለመሳቅ ሞከረች። አባቷ ዳባት ከተቀበረ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ዘጠኙንም ቀን እንባዋን እየጠረገች ቀሐ ሰፈር ታናሽ እህቷ ብርቄ ዘንድ ስትመላለስ ከርማለች። ብርቄ በቀዶ ሕክምና ከወለደች ገና ሃያ ቀኗ ስለሆነ፣ ለአራስ ደግሞ መርዶ ስለማይነገር፣ ልጁ ክርስትና እስኪነሳ አፋችንን እንያዝ ብሎ ዘመድ ሁሉ ተማምሏል።

ብርቄ "አባዬ ምነው አይደውል?" ባለች ቁጥር "አጨዳ ላይ ነው፤ እዚያ ማሳ ኔትወርክ የለም" ይሏታል።

ይመኙሽን ግን ከሐዘኑ ይልቅ ዝምታው አስጨንቋት ነበር። ዩኒቨርሲቲ አብረዋት የሚሠሩት ሁሉ ወላጅ ሲሞትባቸው ፎቶ ለጥፈው ስንቱ አጽናንቷቸዋል! እሷስ ከማን አንሳ ነው ዝም የምትል? ትናንት ማታ ለብርቄ ብቻ እንዳይታይ አድርጋ የአባቷን ፎቶ ፌስቡክ ላይ አወጣች። "ተራራዬ ተናደ፤ ጥላዬ ተገፈፈ" የሚልም ጻፈችበት። እስኪነጋ አራት መቶ ሰው "ነፍስ ይማር" ብሏታል። ከአራት መቶው አንድም ሰው አልደወለላትም። እሷ ግን ባጃጁ ውስጥ ቁጥሩን ደጋግማ ስታይ ነበር፤ ደስም ብሏታል፣ ምን ይደበቃል።

በሩን የከፈተላት የብርቄ ባል ኢዮስያስ ነው። ዐይኑ ቀልቷል።

"ምነው?" አለችው።

"ገብተሽ እይው።"

ብርቄ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ሕፃኑ ከጎኗ ያለቅሳል፤ አላነሳችውም። የያዘችው የባሏን ስልክ ነው። የልጇን ፎቶ ልታይ ብላ ነበር የተቀበለችው። ይመኙሽ ፎቶውን ለእህቷ ስትዘጋ የእህቷ ባል እንደሚያየው አላሰበችውም።

"ቢጫው ሻሽ ለእኔ ነው?" አለች ብርቄ።

"እህቴ፣ ለአንቺው ብለን እኮ ነው..."

"ለእኔ ብላችሁ ደበቃችሁኝ። ሸጋ። ለአራት መቶ ሰው የነገርሽውስ ለማን ብለሽ ነው?"

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል፤ ያሳፍራል።

"መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ እጅ ተይዞ ነው የሚነገር" አለች ብርቄ። "እኔ ብቻዬን፣ ከልብና ከሻማ ሥዕል መሃል አነበብሁት።"

"አሁኑኑ አጠፋዋለሁ!" ይመኙሽ ስልኳን ከቦርሳዋ መዝዛ ስታወጣ ጥቁሩ ነጠላ አብሮ ወጣ።

"ተይው። ብታጠፊው ምን ሊረባኝ? ይልቅ ንገሪኝ።"

"ምኑን ልንገርሽ?"

"መርዶዬን። እንዳልሰማሁ አድርገሽ፣ በአፍሽ ንገሪኝ።"

ስልኩ ይመኙሽ እጅ ላይ ነዘረ። አንድ ሌላ ሰው "ነፍስ ይማር" ብሏታል። ይመኙሽ የትናንቱን የተራራና የጥላ ቃል ፈለገችና አጣችው። ስልኩን ለኢዮስያስ ሰጠችው። ቢጫውን ሻሽ ፈትታ ጥቁር ነጠላዋን ለበሰች፤ ከአልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣም የእህቷን እጅ ያዘች። እጁ መልሶ አልጨበጣትም።

"ብርቄ" አለች፤ "አባዬ ሞተ።"