እንደውልልሻለን

እህቴ ሸሚዝ ስትመረምር ላየ ሰው ሥራው ለእሷ የተፈጠረ ነበር የሚመስለው። ልብስ ስፌት ፋብሪካው ለአንድ ወር ሙከራ ወስዶ የጥራት ቁጥጥር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት። ማመልከቻው ላይ ኦቲዝም እንዳለባት የጻፍኩት እኔ ታናሽ ወንድሟ ነኝ። የማሽኑ ጩኸት ስለሚያማት ጆሮዋን በጥጥ ትወትፋለች፤ ሰው ዓይን ዓይኑን አታይም፤ የተበላሸ ስፌት ግን አያመልጣትም። ሠራተኞቹ «አጉሊ መነጽር» አሏት። ስሙን ወደደችው።

በሦስተኛው ሳምንት ሊጫን ከተዘጋጀው ውስጥ አርባ ሸሚዝ መለሰች። የፈረቃ ኃላፊዋ እየሮጠች መጣች።

«የኔ እናት፣ ይሄ እኮ አይታይም!»

«ይታያል። አየሁት።»

«ማን ገልብጦ ያየዋል? መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ ማህተሙን ምቺልኝና ልገላገል!»

«ማህተሙ ‹እንከን የለውም› ነው የሚለው። የዚህ ስፌት ሁለት ቦታ ዘሏል።»

ኃላፊዋ ማህተሙን ነጥቃ ራሷ መታችው። ጩኸቱና ግርግሩ ሲበዛባት እህቴ ጠረጴዛው ሥር ገብታ ጆሮዋን ይዛ ቁጭ አለች። በማግስቱ «ለጊዜው እረፊ፤ እንደውልልሻለን» ብለው በትህትና ሸኟት።

እሷ ደግሞ የተባለችውን ታምናለች። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ መጠበቅ ጀመረች። ገላዋን ስትታጠብ እኔ በር ላይ ይዤላት እቆማለሁ። አክስታችን ጋ እንሂድ ስላት «ከደወሉስ?» ትለኛለች። እውነቱን ልንገራት እልና አፌ አልታዘዝ ይለኛል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፋብሪካው ድረስ ሄጄ ኃላፊዋን ለመንኳት። «እባክሽ ቁርጡን ንገሪያት።» ክፉ ሰው አይደለችም፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እዚያው ፊቴ ደወለች።

«የኔ ቆንጆ፣ ቦታው ተይዟል።»

የእህቴ ድምፅ ከስልኩ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። «መቼ ይለቀቃል?»

ኃላፊዋ ቀና ብላ አየችኝ። «እሱን እንግዲህ… እናያለን» ብላ ዘጋችው።

ቤት ስገባ እህቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ደወሉ! እናያለን ብለዋል። መቼ ነው የሚያዩት?»

አስቀምጬ ነገርኳት። «እትዬ፣ አይፈልጉሽም። ሰው እምቢ ማለት ሲከብደው እንደዚያ ይላል።»

ጉልበቷን ማሸት ጀመረች።

«ማተሚያ ቤቱም እንደውላለን ብሎኝ ነበር። መድኃኒት መጋዘኑም። እንዲህ ካሉኝ ስድስት ዓመታቸው።»

«እነሱም ያው ናቸው፣ እትዬ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ከዚያ ወዲህ የሥራ ማስታወቂያ ይዤላት ስገባ ከእጄ አትቀበለኝም። እኔም እያደር ማምጣቱን ተውኩት።